ጨጓራ ነው እላለሁ

ጨጓራ ነው እላለሁ፣ ሰዉ ሲጠይቀኝ፤
ቦሩ ሜዳ ያለው ሐኪም ነው ሥጋ የከለከለኝ።
ለታመመ ሰው ደሴ ታዝናለች፣
«አብሽር፣ ተልባ ጠጣበት» ብላ ታዛለች።
ጤነኛ ሆኖ ሳህን ለገፋ ግን ሌላ ነው፤
«ምንህን አመመህ?» ቀርቶ «የት ገባህ?» ነው የሚባለው።

እኔ ደግሞ ምትኩ እንድሪስ ነኝ፤
የገባሁበትም የወጣሁበትም ድሮም ያልታወቀ፣
ግማሼ በስመ አብ፣ ግማሼ ቢስሚላሂ ተብሎበት የጸደቀ።

ሙጋድ ላይ ሁለቱ አጎቶቼ ፊት ለፊት ሥጋ ይሸጣሉ፤
መስቀል ከወዲህ፣ ጨረቃ ከወዲያ፣ በቀለም ተሥለው ይታያሉ።
መሃል ላይ አስፋልቱ፣ ባጃጁ፣ የክረምት ጎርፉ።
ጋሽ ምስጋናውና አጎቴ ይመር
ሠላሳ ዓመት ተበዳደሩ፣ ለቅሶ ላይ ተቃቀፉ፤
አንዲት ጉርሻ ግን ተሻግራ አታውቅም።
እኔ ብቻ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጠዋት ከወዲህ፣ ማታ ከወዲያ
በልቼ፣ አፌን በእጅጌዬ ጠርጌ፣ ዝም።
ልጅና ድመት ማን ይጠይቃል?

ኋላ የአይሱዙ ረዳት ሆንኩ።
ከባቲ ገበያ ሰባት ሰንጋ ጭነን
ሐረጎን ስንወጣ መኪናው ተበላሸ፤
ጉሙ ወርዶ መንገዱን ዋጠው፣ ቀኑም መሸ።
ሾፌሩ ለመለዋወጫ ኮምቦልቻ ወረደ፤
እኔ ከበሬዎቹ ጋር ቀረሁ፤ ብርዱ ከበደ።
ሲብስብኝ ላይ ወጣሁ፣ ከመሃላቸው ገባሁ፤
እንደ ሰው ቤት እንግዳ ጥግ ይዤ ተኛሁ።
አንዱ፣ ቡሬው፣ ጆሮው የተተለተለ፣
ትንፋሹን አንገቴ ላይ እየለቀቀ፣ እስኪነጋ እንዲያው እንዳለ።
ምንም አላለኝም። በሬ ነው። ምን ይላል?
እኔም ምንም አልማልኩለትም።

በማግስቱ አጎቴ ይመር ከታላቁ ብልት ቆረጠና
«እንካ ምትኩ» አለኝ፣ «ደክመህ መጥተሃልና።»
አዋዜ አስነክቼ አፌ ድረስ ሳደርሳት
ሞቀኝ አንገቴ።
መልሼ አስቀመጥኳት።
ይኸው ነው ምክንያቴ።

ትንሽ ናት፤ ለሰው አትነገርም።
ጻድቅም አይደለሁ፤ ጫማዬ ቆዳ ነው፣ ቀበቶዬም።
ቅዳሜ ማታ በፒያሳ ሳልፍ፣
ጥብሱ ከነቅጠሉ ብረት ምጣዱ ላይ ሲንጫጫ፣
ምራቄ ቀድሞኝ በሩ ላይ ይቆማል፤
ጎትቼ ነው የማሳልፈው፣ እንደ እምቢተኛ ፍየል።
እናቴ በፋሲካ ዶሮውን አቅርባ ትጠብቃለች፤
«ያንተ ሁዳዴ ፋሲካ የለውም?» ትላለች።
አባቴ በአረፋ ምንም አይናገርም፤
የእኔን ድርሻ ለጎረቤት ሲልክ ግን
ፌስታሉን ሁለቴ ይቋጥረዋል፣ አጥብቆ፣
እኔ እያየሁት።

አምና የአጎቴ ይመር ልጅ ሐያት ስትዳር፣
ድንኳን ሁለት ተተከለ፣ እንደ ደንቡ፣ ገራዶ ዳር።
ሁለት በሬ፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ምርቃት።
እኔ ምስሬን ይዤ፣ ገመዶቹ በሚጠላለፉበት ክፍተት፣
የለስላሳ ሳጥን ደፍቼ ተቀመጥኩ።
ጋሽ ምስጋናው ስቴኪኒውን እየነከሰ መጣ፤
አጎቴ ይመርም ከወዲያኛው፣ ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጣ።
ቆሙ። ሳህኔን አዩት፣ እንደማይገዙት ከብት።
«በዚህ ነው የምትኖረው?» አለ አንዱ፤ ቆረሰ።
ሌላውም ጎንበስ አለ፤
እጅ ከእጅ ጋር ሳህኔ ላይ ተዳረሰ።
«ጨው የለውም» አሉ ባንድ አፍ።
ደግሞም ቆረሱ።

«ጨጓራህስ?» አለኝ አጎቴ ይመር፣ ጣቱን እየላሰ።
አንገቴን ዳሰስኩ። እውነቱ ጥርሴ ድረስ ደረሰ።
«ያው ነው» አልኩ።
«አብሽር» አለኝ፤
እንዲሻለኝ ይሁን እንዳይሻለኝ
ሳይነግረኝ።